የማይኮመጥጠው ሎሚ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ልዋሻችሁ ብፈልግ ኖሮ ሌሊት አደርገው ነበር። መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ እያላዘነ፣ በር ሲጢጥ ሲል... ታውቁታላችሁ። ይህ ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ አስመራ፣ ገዛ ባንዳ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ በ1959 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም።

አስመራን የሚያውቅ ሰው ሰባት ሰዓትን ያውቃል። ሱቁ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ከተማው ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል። መንገድ ላይ የቀረ ሰው የሚሰማው የራሱን ጫማ ነው።

ታሪኩ የእናቴ ነው። ስሟ ኣስካሉ ነበር። እናቴ አንድ ጠባይ ነበራት። የቃል ትርጉም ከጠየቅናት እጇ ሊጥ ውስጥ ቢሆንም ሥራዋን ጥላ ትመልሳለች። "ቆይ" ብላ አታውቅም። "ነገ" ብላማ በጭራሽ። ምክንያቱን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም እንደነገረችኝ ልንገራችሁ።

ከዚህ በኋላ ግን "እናቴ" አልላትም። ያኔ የማንም እናት አልነበረችም። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ በሰው ምግብ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ የምትፈልግ።

የምትሠራው ወተት፣ ቅቤና የመጠጥ ውኃ በሚመረመርበት ትንሽ ላቦራቶሪ ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ ቤቱም ዛሬ የለም። ሦስት ክፍል ነበረው፤ በስተኋላ ደግሞ ጠርሙስ የሚታጠብበት ጠባብ ክፍል።

ሠራተኞቹን አንድ ጊዜ ልንገራችሁና ያዙልኝ።

አለቃው አቶ ወልደትንሣኤ ከሸዋ የመጡ ናቸው። ጸሐፊዋ ይመኙሻል የጎንደር ልጅ ናት። የሺሀረግ ደግሞ ከመጣች ወር ያልሞላት የወታደር ሚስት ስትሆን ታጸዳለች፣ ምሳም ታዘጋጃለች። ሦስቱ ቤታቸው ሩቅ ስለሆነ ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ።

የአገሩ ልጆች ኣስካሉ፣ ዘበኛው በርሄና የኣስካሉ አጎት ገረዝጊሄር ናቸው። እነዚህ ሰባት ሰዓት ሲሆን ወደየቤታቸው ሄደው ይበላሉ።

የእናት ወንድም በትግርኛ "ኣኮ" ይባላል። ኣስካሉ "ኣኮይ" ነበር የምትላቸው። አባቷ ሲሞት ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ እዚህም ሥራ ያስገቧት እሳቸው ናቸው። ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ እዚያ ቤት ጠርሙስ ሲያጥቡና ባክቴሪያ የሚያድግበትን የሥጋ መረቅ ሲያፈሉ የኖሩ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። ከዓዲ ኣበይቶና ከሌላም መንደር የመጣውን ወተት በማንኪያ ወስደው መረቁ ላይ ይጨምሩና ሙቀት ሳጥን ውስጥ ያሳድሩታል። ወተቱ ንጹሕ ከሆነ መረቁ ጥርት ብሎ ያድራል። ባክቴሪያ ካለበት ይደፈርሳል። ጠዋት ጠርሙሱን ፍሪጅ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያኖሩታል፣ ኣስካሉም ከሰዓት በኋላ ትመረምረዋለች።

ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ። በወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል ይጽፋሉ፤ ማንም እንዳይሳሳት። ከዚያ በቀኝ አውራ ጣታቸው ጫን ይሉታል። ጣታቸው ባክቴሪያ በሚቀለምበት ሐምራዊ ቀለም ከተነከረ ሃያ ዓመት ስላለፈው አሻራቸው እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ትንሽ፣ ሐምራዊ፣ መሐሉ ላይ የጠርሙስ ቁርጥ ጠባሳ ያለበት።

ሰኞ ዕለት ግድግዳው ላይ ትእዛዝ ተለጠፈ። "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚጻፍ ማናቸውም ጽሑፍ በአማርኛ ይሁን።"

በዚያው ቀን የወጥ ቤቱ ፍሪጅ ተበላሸ። አቶ ወልደትንሣኤም የሺሀረግን፣ "እስኪሠራ ድረስ የላቦራቶሪው ታችኛው መደርደሪያ ያንቺ ይሁን" አሏት።

ማንም ምንም አላለም። ጥቃቅን ነገር ነዋ።

ማታ ላይ ኣስካሉ ወደ ሰፈሯ ወደ ጥራቮሎ የሚሄደው አውቶቡስ እንዳያመልጣት ኮቷን በአንድ እጇ እየለበሰች ስትወጣ ኣኮይ ገረዝጊሄር በሩ ላይ ቆሙ። ያቺ አንዲት ቃል የተጻፈችበትን ወረቀት በእጃቸው ይዘዋል።

"ጓለይ... እዚኣ ብኣምሓርኛ ከመይ ትበሃል?"

ልጄ፣ ይህቺ በአማርኛ ምን ትባላለች ማለታቸው ነው።

አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ደርሷል። ኣስካሉ ወረቀቱን እንኳ አላየችውም።

"ጽባሕ ክነግረኩም ኣኮይ! ጽባሕ!"

ነገ እነግርዎታለሁ... ነገ!

በነጋታው እሳቸው አልጠየቁም። ልጅን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ያፍሩ ነበር። እሷም ረሳችው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጠርሙሱን ስታነሣ ሁለት ጣት ያህል ጎድሏል። ተደፍቶባቸው ይሆናል አለችና አለፈችው።

ረቡዕም ሁለት ጣት ጎደለ።

በዚያ ቀን ለምሳ ልትወጣ ስትል ይመኙሻል ከምግቡ ጠረጴዛ ጠራቻት። ቲማቲምና ቃሪያ፣ ከላዩ ዘይት፤ የጾም ሰላጣ ነው።

"ነይ እንጂ ቅመሺ ኣስካሉ! ያገራችሁ ሎሚ እንደ ሰዋችሁ ዝምተኛ ነው፤ አይኮመጥጥም!"

አቶ ወልደትንሣኤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ኣስካሉም ሳቀች። ቀልዱ አሳቃት እንጂ ነገሩን አላሰበችበትም። ቀምሳው ብትሆን ኖሮ... ይህን እያነሳች እስክትሞት ድረስ ራሷን ስትወቅስ ኖራለች።

ሐሙስ ይመኙሻል ከሥራ ቀረች።

ዓርብ የሺሀረግ ቀረች። አለቃው ደግሞ ወንበራቸው ላይ ሆዳቸውን ይዘው አጎነበሱ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሦስቱንም ያተኩሳቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ሆዳቸው አልቆም ብሏል።

ቅዳሜ አቶ ወልደትንሣኤ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ሻምበል መጣ። አሳምነው ይባላል። ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ወንበር ሲሰጡት መጀመሪያ ወንበሩን ያያል። ሻሂ ሲቀርብለት ብርጭቆውን በጣቱ ገፋ አድርጎ ያቀረበለትን ሰው ያያል።

ኣስካሉን ብቻዋን አስቀመጣት።

"ስንት ሰው ታመመ?"

"ሦስት፣ ጌታዬ።"

"ከየት ከየት የመጡ ናቸው?"

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ትእዛዝ አየች።

"አንቺ አተኮሰሽ?"

"አላተኮሰኝም።"

"አጎትሽንስ? ዘበኛውንስ?"

"አይ..."

ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"እኔ ሳይንስ አልተማርኩም፤ አስረጂኝ። ይህ ባክቴሪያ አማርኛ የሚናገር ሰው እየመረጠ ነው እንዴ የሚበላው?"

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በዚያ ቤት ሰው ሰውን የሚያይበት ዓይን ተለወጠ። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" ይባል የለ። በርሄ ውኃውን ከቤቱ በጠርሙስ ይዞ መምጣት ጀመረ። የጎረቤት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሰላምታ ሲሰጧት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ያደርጋሉ። እሷም እቤቷ ስትገባ የናቷን ምግብ አሽትታ መብላት ጀመረች፤ የገዛ እናቷን!

ሻምበሉ ከሕመምተኞቹ የተወሰደ ናሙና አመጣላት። እሑድ ብቻዋን ገብታ አየችው።

ናሙናውን የዘራችበት ሳህን ላይ ጥቋቁር ክብ ነጥቦች በቅለዋል፤ ዙሪያቸው የሚያብረቀርቅ። የዓሣ ዓይን ይመስላሉ። ሳህኑን ወዲህ ብታዞረው፣ ወዲያ ብታዞረው እሷን ያያሉ።

ታውቃቸዋለች። ባለፈው ሳምንት ከአንዲት ላም ወተት የወጣ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በኣኮይ ገረዝጊሄር ጠርሙስ ውስጥ የበቀለው ራሱ።

ልትደብቀው ትችል ነበር። ሳህኑን የፈላ ውኃ ውስጥ መጣል ነው፤ ማን ያውቃል? ግን ያሳደጓት ሰው ከሁሉ በፊት ያስተማሯት አንድ ነገር ነው፤ ያየሽውን ጻፊ።

ጻፈችው።

ሰኞ ጠዋት ሻምበሉ ወረቀቱን አነበበ።

"ስለዚህ መርዙ ከዚህ ቤት ነው የወጣው።"

"መርዝ አይደለም ጌታዬ፤ ባክቴ..."

"ጠርሙሱን የሚይዘው ማነው?"

መልስ አላስፈለገም። ሁሉም ያውቃል።

ኣኮይ ገረዝጊሄርን ጠርሙስ ሲያጥቡ ነው የወሰዷቸው፤ እጃቸው እየተንጠባጠበ። አማርኛቸው ለጥያቄ የሚበቃ አልነበረም። የተጠየቁትን ሁሉ "እወ" ይላሉ፤ አዎ ማለት ነው። ጠርሙሱ ያንተ ነው? እወ። አንተ ነህ የጻፍክበት? እወ። ሰዎቹ በዚህ ነው የታመሙት? ኣስካሉን አዩዋት... እሷ የጻፈችውን እንዴት ሐሰት ይበሉት?

"እወ።"

በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ጓለይ፣ እቲ ማይ ዕጸዊዮ።"

ውኃውን ዝጊው።

ገብታ ቧንቧውን አጥብቃ ዘጋችው። አልቅሳ አልጠገበችም፤ ግን መዝጋቷን በደንብ ታስታውሳለች።

ሰውን በመርዝ ለገደለ የሚሰጠው ፍርድ ስቅላት ነው። ያንን ሁሉም ያውቃል። በእሷ ጽሑፍ አጎቷ ሊሰቀሉ ነው። ባክቴሪያው ከጠርሙሱ ወጥቶ ሰው ሆድ ውስጥ እንዴት እንደገባ ካላወቀች አለቀላቸው።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ቤቷ አልሄደችም። እስከ ፌርማታው ድረስ በአእምሮዋ ስታወጣ ስታወርድ ሄዳ ተመለሰች። ሰባት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ቤቱ ባዶ ነው። ገና ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ሰማችው።

ውኃ እየፈሰሰ ነው።

ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ማንም የለም። ቧንቧው ተከፍቷል። ገንዳው ውስጥ የታጠቡ ጠርሙሶች በአፋቸው ተደፍተው ተደርድረዋል። አራት፣ አራት፣ አራት... ኣኮይ እንደሚደረድሩት።

ቧንቧውን ዘጋችና በርሄ ከምሳ ሲመለስ አፋጠጠችው። ቁልፍ ያለው እሱ ነው።

"አንተ ነህ የገባኸው?"

"ኣነ? ብማርያም! ኣይፋል፣ እኔ አይደለሁም..." ድምፁን ቀነሰ። "በሰባት ሰዓት ለምሳ ስወጣ ውኃ ሲፈስ ሰማሁ። አንቺ መስለሽኝ ዝም አልኩ።"

"እኔ አልነበርኩም።"

ተያዩ። ሁለቱም ሌላውን አላመኑም።

ኣስካሉ ሄዳ ፍሪጁን ከፈተችው።

የላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ አለ። ሰኞ ሻምበሉ ሁሉንም ጭኖ ወስዶት ነበር፤ ባዶ መሆኑን በዓይኗ አይታለች። አሁን ግን አንድ አለ፤ ደፍረስ ያለ፣ ፈዛዛ ቢጫ። አዲስ ወረቀት፣ ያቺው አንዲት ቃል፣ ያው የሽማግሌ እጅ ጽሑፍ።

ሐምራዊ አሻራ።

ረቡዕ ዕለት ብልጥ ልሁን አለች። ለፍርድ ቤት የሚላክ ናሙና የሚታሸግበት ቀይ ሰም ነበራቸው። የማክሰኞውን ጠርሙስ አውጥታ ደፋችው፤ የላይኛውን መደርደሪያ ባዶ አድርጋ ፍሪጁን ዘጋችና በሩን በሰሙ አሸገችው። በቀለበቷም ማኅተም አደረገችበት።

በርሄ ነው ብላለች በልቧ። ወይም የሻምበሉ ሰው፣ አጎቴን ለማስወንጀል። ማንም ይሁን፣ ሰሙን ሳይሰብር አይገባም።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ መጣች። ማጠቢያው ቤት ውኃ ይፈሳል። ወደዚያ አልሄደችም።

ሰሙ አልተሰበረም። ቀለበቷ የተወው ምልክት እንኳ እንዳለ ነው።

በቢላዋ ፈለፈለችው። በሩን ሳበች...

ጠርሙሱ አለ።

ፍሪጁን እንደያዘች ቁጭ አለች። በዚህ መካከል ከኋላዋ እግር ሰማች፤ የሚጎተት፣ የደከመ እግር። መዞር አቃታት።

"ኣስካሉ... አንቺ ነሽ?"

የሺሀረግ ናት። ከሆስፒታል ወጥታ መምጣቷ ነው። ነጠላዋ ውስጥ ጠፍታለች፤ በስድስት ቀን ሰውነቷ አልቋል።

"ዕቃዬን ልወስድ ነው የመጣሁት እህቴ። እዚህ ቤት ከእንግዲህ አልሠራም። ሽንኩርቴና ዘይቴ ታች አለ..." ጎንበስ አለችና ወደ ፍሪጁ አየች።

ከዚያ እንዲህ አለች፦

"ውይ! ይሄ ሎሚ እስካሁን አላለቀም?"

ኣስካሉ ቀስ ብላ ቀና አለች።

"ምን አልሽ?"

"ሎሚው ነዋ። ጠርሙሱ።"

"የትኛው ሎሚ?"

"ይሄ!" የሺሀረግ በጣቷ ወረቀቱን ነካች። "ተጽፎበት የለ? ሎ... ሚ። የናንተ መደርደሪያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሎሚ ለምርመራ አይሆን ብዬ ለሰላጣው በማንኪያ በማንኪያ ወሰድኩ። ይቅር በይኝ። ደግሞ እኮ አይኮመጥጥም፤ ሽታውም ደስ አይልም። ያገሩ ሎሚ እንዲህ ነው ብዬ..."

ኣስካሉ ወረቀቱን አየችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አነበበችው።

ሎሚ።

በትግርኛ ሎሚ ማለት "ዛሬ" ነው። ዛሬ የሚመረመር ጠርሙስ። አስመራ ውስጥ የሚኮመጥጠውን ፍሬ "ለሚን" ነው የምንለው፤ ጣልያኖች እንደሚጠሩት። ኣስካሉ ያቺን ቃል ሺ ጊዜ አይታታለች፤ አንድም ቀን አፏን ኮምጥጧት አያውቅም። ፊደሉ አንድ፣ ቃሉ ሁለት። ባክቴሪያው አማርኛ ያውቅ የነበረው በዚህ ነው።

እዚኣ ብኣምሓርኛ ከመይ ትበሃል?

ጽባሕ ክነግረኩም ኣኮይ... ጽባሕ!



ኣስካሉ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ሮጠች። ሻምበል አሳምነውን ቢሮው አገኘችው። እያለከለከች ነገረችው፤ ሎሚ፣ ዛሬ፣ ሰላጣ፣ የሺሀረግ። ሻምበሉ ሳያቋርጣት አዳመጠ። ሰውየው ክፉ እንጂ ሞኝ አልነበረም፤ ገባው።

"ማስረጃሽ ምንድነው?"

"ጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ተጽፎበታል። ይምጡና ይዩት!"

"ጠርሙሶቹን ሰኞ ወስጃቸዋለሁ፤ ሲታጠቡ ወረቀታቸው ተልጧል።"

"አዲስ ነው። ዛሬ የተቀመጠ ነው።"

"ማን ጻፈበት?"

"ጽሑፉ የኣኮይ ነው። አሻራውም የሳቸው።"

ሻምበሉ የያዘውን እስክሪብቶ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ከሷ ሸሸ።

"ስሚ..." አለ በሹክሹክታ። "አጎትሽ ሰኞ ማታ ሞቷል። ልቡ ነው አሉ። ለቤተሰብ ንገሩ የሚል ትእዛዝ ስላልመጣ ነው ያልነገርናችሁ።"

ሰኞ ማታ!

የማክሰኞው ጠርሙስ... የሐሙሱ...

ጮኸች አልጮኸች አታስታውስም። የምታስታውሰው ሻምበሉ ኮቱን ሲያነሣና "አሳዪኝ" ሲላት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ገቡ። የሺሀረግ ሄዳለች። በርሄ ከውጭ ቆሟል፤ አልገባም ብሏል። ማጠቢያው ክፍል ውኃው ይፈሳል። ሻምበሉ ሽጉጡን ነካ አድርጎ አልፎ አየ፤ ማንም የለም። ቧንቧውን ሊዘጋ ሞክሮ አልዞር አለው። ተመልሶ ፍሪጁን ከፈተው።

ጠርሙሱን አወጣ። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። ብዙ ጊዜ አየው።

"ሎሚ ነው ያልሽኝ።"

"አዎ።"

"ይሄ ሎሚ አይልም።"

ተቀብላው አየችው። ወረቀቱ ያው፣ አሻራው ያው፣ እጅ ጽሑፉ ያው። ቃሉ ግን ሌላ ነው።

ጽባሕ።

"ምን ማለት ነው?" አለ ሻምበሉ። ድምፁ ተሰብሯል።

"ነገ።"

"ነገ ምን?"

ጥያቄው የሱ አይደለም። የሚጠይቃት ሌላ ሰው ነው፤ ልጅን ሁለት ጊዜ መጠየቅ የሚያፍር ሰው። አሥር ቀን ሙሉ ቆሞ የጠበቃት።

ጠርሙሱን ደረቷ ላይ ያዘችና ወደ ማጠቢያው ክፍል ፊቷን አዞረች። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም፤ ትምህርት ቤት እንደሚያስነብቡት አድርጋ ጥርት አድርጋ ተናገረች።

"ዛሬ። ኣኮይ፣ ብኣምሓርኛ ዛሬ ትበሃል። ዛ... ሬ። ይቅር በሉኝ።"

ውኃው ቆመ።

ቀስ በቀስ አልነበረም። ሰው እጁን አሳርፎ እንደሚዘጋው፣ ጭርር... ቀጥ። የቧንቧው መዝጊያ ሲዞር ሁለቱም ሰሙት።

ሻምበሉ ጠርሙሱን ከእጇ ነጥቆ ገንዳ ውስጥ ደፋው፤ ሰባበረውም። ቤቱን ዘግቶ በመንግሥት ማኅተም አሸገው። ቁልፉን ከበርሄ ቀማና የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። በዚያው ማታ "ገረዝጊሄር ከጥፋቱ ነጻ ነው" የሚል ወረቀት ጽፎ ፈረመ። ለሞተ ሰው ምን ይጠቅመዋል ትሉኝ ይሆናል። ለእናቴ ጠቅሟታል፤ አስከሬናቸውን ሰጥተዋት በስማቸው፣ በደብራቸው፣ እንደ ሰው አስቀብራቸዋለች።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሻምበሉ የሷን ዕቃ እንድትወስድ ሊከፍትላት መጣ። ማኅተሙን ራሱ አይቶ ራሱ ቀደደው። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ማጠቢያው ክፍል ጸጥ ያለ ነው፤ ገንዳው ደርቋል፤ የተሰበረው ጠርሙስ ስብርባሪ እንኳ የለበትም።

ፍሪጁን የከፈተችው ኣስካሉ ናት። ሻምበሉ ወደ በሩ አፈግፍጎ ነበር።

አንድ ጠርሙስ።

መረቁ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ያለ ነው። ምንም አልበቀለበትም።

ወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል ተጽፋለች፤ አዲስ ፊደል እንደሚለማመድ ልጅ ተጨንቆ፣ ቀስ ተብሎ የተጻፈች።

ዛሬ።

ኣስካሉ ሐምራዊውን አሻራ በጣቷ ነካችው። ሙጫው ገና አልደረቀም ነበር።